ከደሳለው ጋቢ የሠራሁት ደብተር

ይህን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለልጅ ልጄ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይህንን ከምላሴ ሥር አስቀርቼዋለሁ። የሠራሁት ሁለት ነገር ነው። አንዱን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ሁለተኛውን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር። የምታነቡኝ ሰዎች፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ እስክጨርስ ድረስ "አይ እማማ፣ ምንም አይደለም" እንዳትሉኝ።

ውድነሽ እባላለሁ። የምኖረው ኮኪት ነው፤ ልበል እንጂ ቤቴ የሚያየኝ ዝናብ ሲበረታ ብቻ ነው። ደብተሮቼን በጆንያ አዝዬ ገንዳ ውሃ፣ መተማ ዮሐንስ፣ አብርሃ ጅራ፣ አንዳንዴም ሳንጃ ድረስ እሄዳለሁ። መኪና ካገኘሁ በመኪና፣ ካጣሁ በእግሬ። ሰሊጥ የሚጭኑት ሾፌሮች ያውቁኛል። "ሐቡባ፣ ዛሬስ ወዴት ነው?" ይሉኛል፤ ማዶ ሱዳን አያትን እንደሚጠሩት። "መንገዱ ወደሚሄድበት" እላቸዋለሁ። ይስቁና ከጎናቸው ያስቀምጡኛል።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት የልጅ ልጄ ሰላም ስታጠና አጠገቧ ተቀምጬ ነው። የደብተሩም ሥራ የጀመረው በእሷ ነው። እኔ በሰሊጥ መጋዘን የጆንያ አፍ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ። አንድ ቀን ሰላም ደብተሯ ተበታትኖባት እያለቀሰች ስትመጣ፣ በወስፌ በሳሳሁና በጆንያ ክር ሰፋሁላት። ከብስኩት ካርቶን ሽፋን ቆረጥኩ፤ ካርቶኑን አሮጌ ነጠላዬን አለበስኩት። የግራር ሙጫ ለቅሜ በውሃ አሟሟሁና ለጠፍኩት፤ የወፍጮ መጅ ጭኜበት አደረ። በማግስቱ ጓደኞቿ "ለእኛም" አሉ። ቀጥሎ አስተማሪዎቻቸው መጡ። ቀጥሎ ሠርግ ያለባቸው ሰዎች፣ ለሙሽሮች ምርቃት የሚጻፍበት ደብተር ሥሪልን እያሉ ይልኩብኝ ጀመር። በስተርጅና ስም ያለው ሥራ አገኘሁ። ኮራሁ። ይህን ኩራቴን ያዙልኝ፤ ነገሩ የመጣው ከእሱ ነው።

ክረምት ሲገባ ሳሉጎች ይወርዳሉ፤ ለሰሊጥ አረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚመጡ የቀን ሠራተኞች ማለት ናቸው። ከቤታቸው ሲነሡ ብርድ ነውና ጋቢ ለብሰው ይመጣሉ። እዚህ ሲደርሱ ሙቀቱ ጋቢውን ከትከሻቸው ያስጥላቸዋል። የኢንቨስተሮቹ እርሻ ካምፕ ይዘውት ቢገቡ ይሰረቃል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ያመኗት ሴት ዘንድ አኑረው ይገባሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ወስደው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ስም አይጻፍ፣ ምልክት አይታሰር። አደራ ነው፣ በቃ። እኔም ስንት ዓመት የስንቱን እናት ፈትል ከቤቴ ቆጥ ላይ ሰቅዬ ጠብቄያለሁ።

ደሳለው ከጎጃም፣ ከአዴት በኩል የመጣ ልጅ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ደጄ ላይ ቆመ።

"እማማ፣ ይህችን አንቱ ጋ ላኑራት" አለኝ። "እናቴ የፈተለችልኝ ናት። እዚህ ከለበስኳት ትቀቅለኛለች፣ ካምፕ ካስገባኋት ባለቤት ትቀይራለች።"

"የምታኖርልህ ሚስት የለህም እንዴ?" አልኩት፣ ለቀልድ።

"ጋቢዋን አይታ የምትመኝ ካለች ይስጧት፣ ከነእኔው!"

ጓደኞቹ ሳቁበት። "እማማ፣ ጋቢው ነው የሚያዋጣት፣ እሱን ይመልሱት!" አሉ።

ጋቢው መሐል ላይ ትንሽ ጥቁር ስፌት ነበረችበት። ጣቴን አስነካኋት። እሳት ሲሞቅ ፍም ዘሎበት እንደተበሳ ነገረኝ። እናቱ ነጭ ክር አጥታ አይደለም፤ "ደግመህ እሳት ዳር ስትተኛ ይህችን እያየህ እፈር" ብላ በጥቁር በግ ጠጉር ሰፋችለት። ስፌቷ እግሯን የዘረጋች ሸረሪት ትመስላለች።

"አደራ" አለኝ።

"ተቀብያለሁ" አልኩት። ይህ የገዛ ቃሌ ነው። ተቀብያለሁ አልኩ እንጂ እስክፈልገው አላልኩም።

አጨዳው አለቀ፤ ሌሎቹ መጥተው የየራሳቸውን ወሰዱ። ደሳለው አልመጣም። ማዶ ለማሽላ አጨዳ ተሻገረ አሉኝ። ብዙ ልጆች ይሻገራሉና አልደነገጥኩም። ጥቂት ቆይቶ እዚያ ጦርነቱ ተነሣ። ሰው በመተማ ዮሐንስ በኩል እየጎረፈ ሲመጣ ሄጄ ቆምኩ፤ "ደሳለው የሚባል፣ ረዘም ያለ፣ የጎጃም ልጅ" እያልኩ ጠየቅሁ። ያየው የለም። ሌላ ክረምት መጣ፣ ሌላ አጨዳ አለፈ። ጋቢው ቆጥ ላይ ነበር።

ያን ሰሞን የሠርግ ደብተር ታዘዝኩ። የፋብሪካ ጨርቅ ሙጫው ዘልቆት ቡግር ቡግር ያለ እድፍ ያወጣል፤ ያበሳጨኝ ነበር። አንድ ረፋድ ጋቢውን ብል እንዳይበላው ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ምነው ባላሰጣሁት! እንዴት ያለ ፈትል! ካርቶን ላይ ሳስቀምጠው እንደ ቆዳ ተኛ። ልሞክር ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ማንን ነው የማታልለው? ልሞክር ብዬ ካርቶን ላይ ያስቀመጥኩት መቀሱን በሌላው እጄ ይዤ ነው።

ብር አይደለም ያሳተኝ። ብር ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። እጄ ፈለገው። "ይህን የመሰለ ደብተር ማን ሠርቶ ያውቃል?" እንዲሉኝ ፈለግሁ። ከዚያ ለራሴ "ልጁ ሞቷል" አልኩ። ማን ነገረኝ? ማንም። መርዶ ሰማሁ? አልሰማሁም። መጀመሪያ በአፌ ገደልኩት፤ ከዚያ ጋቢውን ቀደድኩት። የሰው አደራ ቆረጥኩ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ሰው አልያዘኝም፣ አላስገደደኝም፣ ርቦኝም አልነበረም።

እሷን ጥቁር ስፌት ምን አደረግኋት መሰላችሁ? ቆርጬ ብጥላት ይሻል ነበር። አማረችኝ! አንዱ ደብተር ላይ፣ ከፊት ለፊቱ ልክ መሐል ላይ አዋልኳት፤ እንደ ጌጥ። አንዲት እናት ለልጇ የሰፋችውን ተግሣጽ ለገበያ አስጌጥኩበት።

በኅዳር ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ጎልማሳ ገበያ ላይ ያን ደብተር አነሣ። ሽፋኑን በመዳፉ ሲዳብሰው ቆየና "ይህ ፈትል የእኛ አገር ፈትል ነው" አለ።

"ጥጥ አገር አለው እንዴ?" አልኩት።

"የፈታይ እጅ አገር አለው እማማ" አለኝ። ለተማሪ ልጁ ገዝቶ በፌስታል ጠቅልሎ ሄደ። እኔም ሥራዬ ተወደደልኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በመጋቢት ደጄ ላይ አንድ ሰው ቆሞ አየሁ። ከሳ እንጂ ቁመቱ ያው ነው።

"እማማ፣ ጋቢዬን ፈልጌ" አለኝ።

እናንተ ሙት ቆሞ ሲስቅላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደሳለው ነበር፤ ከማዶ በስንት መከራ ተሻግሮ፣ አገሩ ከመግባቱ በፊት ጋቢውን ሊወስድ መጥቶ። ከጋቢው የተሠሩት የቀሩት ደብተሮች ደግሞ ከራሱ በላይ ገመድ ላይ ተንጠልጥለዋል። ነጠላዬን ገፍፌ ወረወርኩባቸው፤ ለማቀፍ የተቻኮልኩ መስዬ።

"ምስጥ በላው" አልኩት።

እንደዚህ ነው ያልኩት። ሳላስብ ወጣ፤ ውሸት ሳይታሰብ የሚወጣው ውስጥ ተዘጋጅቶ ሲቆይ ነው መሰለኝ። ምስጥ የእኛን አገር በር ይበላል፣ ምሰሶ ይበላል፤ ማን ይጠራጠራል? ደሳለው ሳቀ። "የቆላ ምስጥማ በጠዋት ባልነሣ እኔንም ይበላኝ ነበር" አለ። እያዘነልኝ ነው የሳቀው፤ እንዳላፍር። የራሴን ብርድ ልብስ አወጣሁለት። ጉልበቴን ስሞ ሄደ። እኔስ? ዐረፍኩ። አዎ፣ ዐረፍኩ እላችኋለሁ።

ዕረፍቴ እስከ ነሐሴ ነበር። በነሐሴ ደሳለው መጣ። ማጭድ አልያዘም፣ ጓደኛም የለው። ሳይቀልድ ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ከጉያው ደብተር አውጥቶ ጭኔ ላይ አኖረው። ጥቁሯ ስፌት ሽቅብ አየችኝ።

"እማማ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ "ምስጥ መርፌ ይይዛል?"

ስፌቷን በመዳፌ ሸፈንኳት። እሱም የሆነውን ነገረኝ።

ያ ደብተሩን የገዛኝ ጎልማሳ የአጎራባች ደብር ሰው ኖሯል። ሴት ልጁ ደብተሩን ታቅፋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ የደሳለው እናት እናንዬ በመንገድ አየችው። ከልጅቱ ደረት ላይ ነጠቀችው። ፈትሏን አወቀች፤ ስፌቷን አወቀች። "ከየት መጣ?" ስትል "አባቴ ከቆላ ያመጣልኝ ነው" አለቻት። እናንዬ እዚያው መንገዱ ላይ ወደቀች። በእነሱ አገር፣ በእኛም አገር ያው ነው፣ ልብስ ያለ ባለቤቱ ከመጣ መርዶ ነው። እንዲያውም ተቆርጦ! "በሕይወት ያለ ሰው ጋቢ ማን በመቀስ ይነካል?" አለች። ማን ይመልስላት? ሁሉም እውነቷን ነው አለ። ለቅሶ ተቀመጡ። ሬሳ የለ፣ ሌላ ልብስ የለ፤ እኔ የሠራሁትን ደብተር መደብ ላይ አጋድመው አለቀሱበት። ፍትሐት ተደረገ። ዐርባው ወጣ።

ደሳለው የእኔን ብርድ ልብስ ለብሶ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤቱ መጀመሪያ ሸሸው፣ ኋላ እልል አለ። እናቱ ግን እልል አላለችም። ፊቱን ዳሰሰችው፤ እግሩን አጠበችው፤ እህል አቀረበችለት። "እንግዳው" ነው የምትለው። "እንግዳው፣ ልጄን ትመስላለህ። እግዜር አንተን ለእናትህ ያቆይ" ትለዋለች። የካህን ቃል አልሰማችም፣ የዘመድ ምክር አልሰማችም። ስሙን ሲነግራት፣ የልጅነቱን ሲያወራት፣ "እሱ ነግሮህ ይሆናል፣ አብራችሁ ነበራችሁ" ትላለች። ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው፦ የልጄ ጋቢ ተቆርጧል፤ በሕይወት ቢኖር አይቆረጥም።

ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

"ልወቅስዎት አልመጣሁም" አለ። "ልወስድዎት ነው የመጣሁ። አንቱ በአፍዎ 'በሕይወት ሳለ የቆረጥኩት እኔ ነኝ' ይበሏት። የቆረጠው ሰው ከነገራት ታምናለች። ሌላ የሚያሳምናት የለም፣ ሞክሬያለሁ። እስከ ጎንደር በመኪና፣ ከዚያም በመኪና፤ መልሼ እዚሁ አደርስዎታለሁ።"

የጠየቀኝ ይህን ነው። ጋቢውን ክፈይ አላለኝም፣ በሽማግሌ አልያዘኝም። አንድ ቃል እንዳደርስለት ጠየቀኝ። ከአብርሃ ጅራ ሳንጃ ለደብተር የምዞር ሴት፣ መንገዱ ወደሚሄድበት እያልኩ ሾፌር የማስቅ ሴት፣ ምን እንዳልኩት ልንገራችሁ?

"ምሳ በልተሃል?" አልኩት።

አየኝ። ጠበቀኝ። ያኔ ቢሰድበኝ እነሣ ነበር ይሆን? አላውቅም። የፈራሁት ጉዞውን አይደለም፤ እናንዬን ነው። አንዲት ፈታይ ከፊቴ ተቀምጣ "እህቴ፣ ለምን?" ብትለኝ ምን እላለሁ? አማረኝ ልበላት?

"እግሬን ያመኛል ልጄ" አልኩት። "መንገድ አልችልም።" ጉልበቴን ያዝ አድርጌ፣ ፊቴንም ቋጠር አድርጌ። አያችሁ ተንኮሌን? እግር ያመማት አሮጊት ማን ያስገድዳል?

ደሳለው ደንገጥ አለና ጎንበስ ብሎ እግሬን በሁለት እጁ አሸልኝ። የእኔን እግር! "ሲሻልዎት ይላኩብኝ" አለ፤ ስልኩን ለሰላም አስጽፎ ደብተሩን ጭኔ ላይ ትቶ ወጣ። በነገታው ገበያ ነበር። ደብተሮቼን አዝዬ፣ መኪና ሳጣ፣ ጭቃውን እያቦካሁ በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ያገኙኝ ሳሉጎች "እማማ፣ እንዴት ያለ እግር ነው!" እያሉ አሞገሱኝ። ከእነሱ ውስጥ የእሱ አገር ሰው ይኖር አይኖር እንኳ አላሰብኩም።

እልካለሁ እላለሁ፤ አልክም። ሰሊጥ ይታጨድ እላለሁ፤ ታጨደ። ገና ይለፍ እላለሁ፤ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ደብተር ስሰፋ ያቺ ስፌት እጄን ትይዘው ጀመር። ከፋሲካ በኋላ ለማንም ሳልናገር ተነሣሁ። "ዘመድ ጥየቃ ነው" አልኳት ሰላምን። ጎንደር አደርኩ፣ ባሕር ዳር አደርኩ፣ አዴት ወረድኩና እየጠየቅሁ በእግሬ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ አንዷን ቃል ስለማመድ ነበር፦ በሕይወት ሳለ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በሕይወት ሳለ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ደሳለው አጥሩን እያጠበቀ ነበር። ራሱን ተላጭቷል። ሳየው ገባኝ። ቀና ብሎ ከጫማዬ እስከ ራሴ አየኝ፤ አቧራዬን አየ፣ ያለ ምርኩዝ መቆሜን አየ።

"እማማ" አለኝ፣ "እግርዎ ተሻለዎት?"

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ድምፁ ከፍ አላለም። "ይግቡ፣ እንግዳ ነዎት" ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

እናንዬ የሞተችው በጥምቀት ሳምንት ነው። እሱ ነው የነገረኝ፣ ውኃ እያቀረበልኝ። በመጨረሻ መርቃዋለች፤ እጁን ይዛ፣ "እንግዳዬ፣ ልጄ ቢኖር እንዳንተ ያስታምመኝ ነበር" ብላዋለች። ቀጥላም "በቆላ በኩል ካለፍክ የልጄን መቃብር ጠይቅልኝ" አለችው። እሺ አላት። ምን ይበላት? የገዛ መቃብሩን ሊጠይቅ ቃል ገባ።

ደብተሩን ይዤ ሄጄ ነበር። አውጥቼ በሁለት እጄ ዘረጋሁለት። የእናቱ እጅ ያረፈበት ሌላ ምን ቀረው? ስፌቷን በጣቱ ነካ አደረጋትና እጄን መልሶ ወደ ደረቴ ገፋው።

"አንቱው ጋ ይኑር" አለኝ።

አደራ አላለኝም። ያን ቃል ሁለተኛ ለእኔ አይለውም።

አሁን ቆጥ ላይ፣ ጋቢው በነበረበት ቦታ ተቀምጧል። የሰው ጋቢ ማኖር ትቻለሁ። ሳሉጎቹ ሲመጡ "ሌላ ቤት ሞክሩ ልጆቼ" እላቸዋለሁ፤ ደከማቸው መሰል ብለው ያዝኑልኛል። ደብተር እሰፋለሁ፤ የማለብሰው የፋብሪካ ጨርቅ ነው፣ እድፉም ይውጣ። ንስሐ አባቴ ዘንድ የምሄደው ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ በገዛ እጄ ልጻፈው ብዬ ነው።

እናንተ ይቅር በሉኝ አልልም፤ እናንተን ምን አደረግኋችሁና? ይቅር የምትለኝ አፈር ውስጥ ናት፤ እሷም የማታውቀውን አትምረኝም። አርጅታ ነው፣ ፈርታ ነው፣ አልተማረችም ብላችሁ እንዳታስተዛዝኑልኝ። አርጅቼ ገበያ እዞራለሁ። ጋቢውን ስቆርጥ አልፈራሁም ነበር። ጋቢ አደራ መሆኑን ለማወቅም ትምህርት ቤት አያስገባም። ስለ ጋቢው ምስጥ አልኩ። ስለ እናቱ እግሬን አልኩ።

እግሬን አሞኝ አያውቅም።